ስድስት ጊዜ ዜሮ

በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የካንሰር ክፍል፣ ካንሰሩ የወገባቸው አጥንት ውስጥ የገባባቸው ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ ይርዳው፣ የሕሙማኑን መጠይቅ በታብሌት የምትሞላውን ሲስተር ሐመልማልን ጠረጴዛዋ ድረስ ሄደው ይዘዋታል።

ይርዳው፦ ከእኔ በኋላ የተመዘገቡት ሁሉ ጨረር ገቡ! እኔ ምን በደልኩ?

ሐመልማል፦ ተራ የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ነው፣ ጋሽ ይርዳው። ሕመም የጠናበትን ያስቀድማል።

ይርዳው፦ እና የእኔ አልጠናም? ቁጭ ብዬ መተኛት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ።

ሐመልማል፦ ይኸው፣ ራስዎ ይዩት። በየወሩ እየደወልኩ «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄዎታለሁ። ስድስቱም ወር ላይ ዜሮ ነው።

ይርዳው፦ ዜሮ የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሐመልማል፦ ታዲያ ምን ነበር የሚሉኝ?

ይርዳው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነዋ።

ሐመልማል፦ እሱን ነው የሞላሁት።

ይርዳው፦ እንዴ! ምስጋና ዜሮ ነው?

ሐመልማል፦ ቁጥር ካላስገባሁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያሳልፈኝም። ያመሰገነ ሰው ደህና ቢሆን ነው ብዬ...

ይርዳው፦ አንቺስ እዚሁ አገር አይደለም ያደግሽው? ሲጠየቅ «ደህና አይደለሁም» ብሎ የሚጀምር ሰው የት አየሽ?

ሐመልማል፦ መቶ ሃያ ሰው ጋ ነው የምደውለው፣ ጋሼ። «እስቲ ቁጥሩን» ብዬ ለምኜዎትም ነበር። ሳቁብኝ እኮ!

ይርዳው፦ ስልኩ የባለቤቴ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። እሷ እየሰማች «አስር» ብል ከእኔ ቀድማ ነበር የምትሞተው።

ሐመልማል፦ ውይ... አንጀቴን በሉት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይርዳው፦ አንጀትሽን ተይውና ዜሮዎቹን አጥፊልኝ።

ሐመልማል፦ የወሩ መልስ አንዴ ከተላከ በኋላ ይቆለፋል። አለቃዬም ቢሆን አይከፍተውም።

ይርዳው፦ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ወደ ኋላ የማይሄድ መኪና አላየሁም!

ሐመልማል፦ ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን በቁጥር ይንገሩኝ። ሦስት ወር በተከታታይ ከፍ ካለ ስምዎ ወደ ላይ ይወጣል።

ይርዳው፦ ሦስት ወር?

ሐመልማል፦ አይዞዎት፣ ቶሎ ያልፋል።

ይርዳው፦ ትናንት ዶክተሩ ልጄን ሲያናግራት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ቢቆዩ ስድስት ሳምንት ነው» አላት።