የአባባ ሩሲያኛ

ትናንት በእንግሊዝኛ ፈተና ከክፍላችን አንደኛ መውጣቴን ሰማሁ! ከደስታዬ ብዛት ከናዝሬት ወደ ሞጆ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ በቀስታ ያነበንባሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ አላስችል አላት።

“አባባ፣ ድግምት ነው እንዴ?”

“ሩሲያኛ ነው፣ ልጄ።”

“በዚህ ዕድሜ! ሞስኮ ሊሄዱ ነው?”

“ምራቴ ልትመጣ ነው። ልጄ እዚያ ሲማር ያገባት ናት።”

“እልልል! ታዲያ ልጅዎ ያስተርጉም እንጂ እርስዎን ምን አደከመዎት?”

“እሱንማ ባለፈው ወር ቀበርኩት።”

“ምን አሉ?”

“እሷ አልሰማችም። እሑድ ማታ ትገባለች፤ ሰኞ ጧት አረዳታለሁ።”

“የኔ አባት! አስተርጓሚ ይፈልጉ እንጂ!”

“መርዶ በኪራይ ምላስ አይነገርም። ‘ባልሽ ሞተ’ የሚለውን አጥንቻለሁ። ‘አንቺም ልጄ ነሽ’ የሚለው ነው እየጠፋ ያስቸገረኝ።”

ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሽማግሌው ወደ ሁላችን ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሩ።

“ቤቴ ሞጆ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚህ አገር አብሯት የሚያለቅስ ዘመድ የላትምና ኑልኝ።”

የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች፣ ጥሪያቸውን ይኸው አድርሻለሁ፤ እኔ ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣም።