የፈረንጁ በቅሎ ልጓም

እጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደል ስለምገድፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። አጎቴ የአገራችንን የጋይንትን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ልሔምን ሊያሳየው መርቶ ያመጣው ፈረንጅ እንደ ወንድም ተላምዶት እኛ ቤት ሰነበተ። ጣሪያው የሚያፈሰውን ትምህርት ቤታችንን እንዲያሠራልን ብናሳየውም፣ በጠራራ ፀሐይ ስላየው «ደህና ነው» ብሎ ሊሄድ ተነሣ። እኛ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትምህርቱ ይቀርብናል፤ አባቴም «ከምትመላለስ ብትዳር ይሻላል» ማለት ጀምሮ ነበር።

ጠዋት የበቅሎው ልጓም ጠፋ። አጎቴ «ንጉሥ ይሙት፣ ጠፍር ስለሆነ ጅብ በልቶት ነው» አለ።

ፈረንጁ «ብረቱንስ?» ቢለው፣ «የጋይንትን ጅብ ብረት አይመልሰውም» አለው።

ሌላ ልጓም ለመግዛት አርብ ገበያን ሲጠብቁ ዝናቡ መጣ፤ ሊሰናበተን ክፍላችን የገባው ፈረንጅም አብሮን በሰበሰ። ብዙም ሳይቆይ ለጣሪያው ቆርቆሮ ላከልን። አጎቴ እስከ ዛሬ ጅቡን ይመርቃል። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኳቸው፣ ዝናብ እስኪመጣ ብዬ ልጓሙን ጭድ ውስጥ የደበቅሁት እኔ መሆኔን ነው።