የበጉ ጉበት የማን ሕመም ነው?

ከሴዳር ሪቨርሳይድ ጣቢያ በተሳፈርኩበት ባቡር፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጎኑን በእጁ ደግፎ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴት ሕመሙን ይነግራታል።

«ሰገራዬ ውስጥ የጉበት ትል እንቁላል አገኙ። ነገ መድኃኒት ሊጀምሩልኝ ነው።»

«ላብራቶሪ ነው የምሠራው ጋሼ። ከቴስቱ በፊት ጥሬ ጉበት በልተው ነበር?»

«ከአገር ቤት ልሳፈር ስል በግ አርደውልኝ ነበር። እዚህ በገባሁ በማግስቱ ነው ሰገራ የሰጠሁት።»

«ለዶክተሩ ነገሩት?»

«ሲጠይቀኝ ቀምሼም አላውቅ አልኩት። ጅብ ነው ይበለኝ?»

«ጎበዝ! እንቁላሉ እኮ የበጉ ሊሆን ይችላል፤ ከጉበቱ ጋር ውጠውት በሆድዎ አልፎ ወጥቶ ነዋ።»

«ታዲያ ጎኔን የሚወጋኝ ምንድን ነው?»

«ማን ይፈልግልዎት? እርስዎ ይዋሻሉ፣ እነሱ የበጉን በሽታ ያክማሉ!»

«ምን ይሻለኛል?»

«አሁኑኑ ደውለው እውነቱን ይንገሯቸው። ሳምንት ያህል ጉበት ሳይነኩ ቆይተው ቴስቱን ይድገሙት።»

«ጎረቤቴ ነው የበላው ብላቸውስ?»

«ሰገራውስ የጎረቤትዎ ነው?»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ።

እኔም፣ ሽማግሌ ተብዬ፣ ለቅዳሜ ጥሬውን ልበላው ከኩን ራፒድስ ያመጣሁትን የጉበት ፌስታል በካፖርቴ ጫፍ ሸፈንኩት።