ሐይቅ የገባችው የአያቴ ፈረስ ጌጥ

በእኛ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱም ለቅሶ ይወጣ ነበር ብልሽ አታምኚኝም፣ ቤዛዬ። ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ። የአባትሽን ነገር ነው የምነግርሽ፣ የወንድሜን የይልማን። አንቺም ነበርሽ፣ ግን ያየሽው ግማሹን ነው።

አያታችን ፊታውራሪ ሲሞቱ ልጅ ነበርኩ። ታዲያ ፈረሳቸውን ጭነው፣ አስጊጠው፣ ሰው ሳይቀመጥበት እየሳቡ ለቅሶው መሃል አዞሩት፣ እና ደረቱ ላይ የብር ጌጥ ነበረች፣ መዳፍ የምታክል፣ ጋሻ የምትመስል፣ ዋርካ የተቀረጸባት። የማን ቤት ፈረስ እንደሆነ ከሩቅ የሚለየው በሷ ነው። አልቃሹ ደግሞ ስማቸውን አይጠራም፣ በፈረሳቸው ስም ነው የሚያለቅሰው፣ አንቱም አይላቸው፣ "አባ ገስግስ! አባ ገስግስ፣ ወዴት ሄድክ!" ሲል ሜዳው ይናወጣል።

ያቺን ጌጥ ይልማ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ አሜሪካ ድረስ አመጣት፣ እና ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ ጋ ሰው የሚያመላልስባት ቫን መስታወት ላይ አንጠለጠላት። "ፈረሴ ይቺው ናት፣ እታለም" ይለኝ ነበር። "እኔ ስሞት ቫኗን ከነጌጧ ከፊት ከፊት ንዱልኝ።" እኔም "አፍህን ዝጋ፣ ምን ያስቸኩልሃል!" እለዋለሁ።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። እና የቸርቻችን እህት ዘነበች፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራዋ፣ ዲያሊሲስ የምታደርሰው እሷ ነበረች፣ እግዜር ይስጣት። ታዲያ አንድ ቀን ጌጧን አየቻትና፣ "ወንድም ይልማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የአያቴ ፈረስ ጌጥ።"

"ዋርካ ነው እኮ ያለበት! ዛፍ ሥር ይሰግዱ ነበር ማለት ነው! ክታብ አንጠልጥለህ ነው ፈውስ የምትለምነው?"

የታመመ ሰው የማይሞክረው ምን አለ? ፓይን ሌክ፣ ሐይቁ ዳር ወሰደችው፣ ፓርክ አደረገች፣ ጸለዩ፣ እና ሐይቁ ውስጥ ወረወራት፣ በገዛ እጁ። ደውሎ "ጣልኳት፣ እታለም" አለኝ። የተናደድኩትስ ንዴት! ግን በሽተኛ ላይ ይጮኻል?

ያኔ ነው አንቺ ሎረንስቪል፣ እሱ ቤት ስትመጪ የሰማሽው፣ ትዝ ይልሻል? "ዌይት፣ ዳዲ፣ እሱ እኮ ክታብ አይደለም!" ብለሽ ስልክሽን አወጣሽ። የድሮ እንግሊዝ መኳንንት የፈረስ ጌጥ አሳየሽን፣ ከመዳብ የተሠራ፣ ጋሻ ጋሻ የሚመስል፣ አንዱ ላይ አንበሳ፣ አንዱ ላይ ወፍ። "ቤተሰቡ የሚታወቀው በዚህ ነው" አልሽ። "ከፈረስ ላይ ይወድቅና ጭቃ ውስጥ ስንት መቶ ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ገበሬ ሲያርስ ያገኘዋል፣ አዋቂዎቹ ምልክቱን አይተው የእነእገሌ ቤት ነው ይላሉ።" ለማጽናናት ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ አየ፣ አየ፣ አየና፣ "ታዲያ እኔ የአባቴን ቤት ነው ሐይቅ የከተትኩት?" አለ። እናታችን ስትሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ፈልገናል እኮ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ጭቃ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ ይልማ አረፈ።

የቀብሩ ዕለት ቫኗን ከፊት ነዳሽለት፣ እንዳለው። መስታወቷ ግን ባዶ። እኔ ያቺን ባዶ መስታወት ሳይ አልቻልኩም፣ ፓስተሩ እየጸለየ ብድግ ብዬ "አባ ገስግስ!" አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ዘነበች መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች፣ "እንዲድንልን ብዬ ነው፣ እትዬ!" አለች። "አውቃለሁ፣ ተነሺ" አልኳት። ምን ልበላት? ትወደው ነበር። በክፋት ያደረገችው ቢሆን እኮ ረግሜያት እገላገል ነበር።

እና አሁን የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? እንግሊዞቹ ጭቃቸው ውስጥ ሲያገኙ፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅላቸው አለ። ያ ሐይቅ አንድ ቀን ቢደርቅና አንዱ መንገደኛ ቢያነሳት፣ የማን ቤት ናት ይላል? ማን ይነግረዋል?

"እኔ እነግረዋለሁ፣ አክስቴ። የአባ ገስግስ ቤት ናት እለዋለሁ።"

ምን? እስቲ ድገሚው።

"አባ ገስግስ።"

(አክስቴ እያለቀሱ ይስቃሉ።) እንደሱማ አይደለም፣ ልጄ! ቢሮሽ ውስጥ ያለሽ መሰለሽ? ጮክ በይ! ፈረስ እኮ በሹክሹክታ አይጠራም።