ከመቶ ሳቅ አንድ ይሸጣል

ሳህራዬ፣ እንዴት አደርሽ? እናትሽ ሆዮ ኢስተሂልስ ደህና ናት? እሰይ። የዛሬው ነፋስ ደግሞ የጅግጅጋን አቧራ በሙሉ እኔ ቤት አራግፎ ሲያበቃ እዚህ ድረስ ተከተለኝ። ሻሂውን ተይውና አጠገቤ ተቀመጪ።

እናትሽን ምን እያደረግሻት ነው? አዲሱን ድሪያ አውልቂላት፣ አሮጌ አልብሻት ተባልሽ? ውይ... እንግዳሽ ዓይን አለው። ስለ እሱ አይደለም የማወራሽ፤ እሱ ካሜራውን ይዞ ግድግዳው ሥር ብርሃኑን ይለካ። እኔ የምልሽ ሌላ ስለማውቀው ልጅ ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል?

ያ ልጅ... ሊቅ ነው። ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፣ ፈረንጅ ይገዛዋል። ታዲያ ዝም ብሎ አያነሳም፤ ስንት ሰው አየው፣ ስንቱ ገዛው፣ የቱ ቆሞ ቀረ፣ ሁሉን በቁጥር ያውቃል። ለወንድሜ ልጅ ለሔርሜላ ሲያስረዳት ሰማሁት። ግመል ሞልቷል፣ አይሸጥም አለ። የፀሐይ መጥለቂያም እንደዚያው። የሚስቅ ሰው? ከመቶ አንድ ቢሸጥ ነው። የምታለቅስ አሮጊት ግን... ከመቶው አርባ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንል የነበርን መሃይሞች ነን። የእሱ ዓይን ያያል፣ ቁጥሩ ይፈርዳል፤ ልብን ምን አደከመው?

እና ከፎቶዎቹ ሁሉ አንደኛ የወጣችው ማን መሰለችሽ? እኔ። እኔ አስካለማርያም፣ በዚህ መልኬ። ሔርሜላ ለሥራ ሸደር፣ ስደተኞቹ ካምፕ ሄዳ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ አየችኝ። ፊቴ በር አክሏል፣ እንባዬ እስከ አገጬ ወርዷል። ከሥሩ ምን ተጽፏል? «ልጇን የቀበረች እናት»። ስንት ስለት ተስዬ፣ ስንት ፀበል ጠጥቼ ያጣሁትን ልጅ... እሱ በአንድ ቀን ወልዶ ቀበረልኝ። እግዜር እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።

እንባውማ የጎረቤታችን የኤፍሬም ሠርግ ላይ የፈሰሰው ነው። ሽንኩርት ስንልጥ ካሳነሽ የባሏን ጉድ ስታወራ ትዝ ይልሻል? ሳቅሽ አላስቆም ብሎሽ እኔ ላይ ወድቀሽ ነበር። ፎቶው ላይ ትከሻዬን የያዘች እጅ አለች... ያንቺ ናት። የቀረውን ገላሽን ቆርጦ ጣለው። አትቀየሚው፤ ሳቅሽ ቁጥሩን ያበላሽበታላ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይሄን ልጅ ስላላዩ ነው። የሰው እንባ እንዴት አድርጎ እንዳደመቀው... ጫማው ራሱ እንደ እንግዳሽ ጫማ ያብረቀርቃል።

አስፈቅዶሽ ነበር ወይ አልሽኝ? ምነው ሳህራ። ሐዘንተኛ እኮ አይረበሽም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

እኔ የምለው... የሆዮ ኢስተሂል ፎቶ ሥር ምን ይጻፍ ይሆን? አንቺ አጠገቧ ቆመሽ፣ የልጅ ልጆቿ ጓሮውን እያመሱት፣ እሷን ደግሞ ማንን ያስቀብሯት ይሆን? እኔ ምን አውቄ፣ ፊደል እንኳ አጥርቼ አልቆጠርኩም። እናትሽ ናት፣ እንደ ፈቀድሽ።

አዲሱን ድሪያ መለስሽላት? እሰይ፣ ሙሽራ መሰለችልኝ። ምነው እንግዳሽ ካሜራውን ወደ ቦርሳው ከተተ... ነፋሱ ነው?

እኔ ግን ያን የማውቀውን ልጅ ልመርቀው። እጁን ይባርክለት፣ ተመልካቹን ያብዛለት። አሮጊት ፍለጋ የሰው ደጅ ከመዞርም ያሳርፈው። አይሻ ጣቢያ ባቡር በቆመ ቁጥር ከቤቷ ብቅ እያለች የወረደውን መንገደኛ የምታይ አንዲት እናት አለችው አሉ። ካያት ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ፣ እሱ ሥራ ስለሚበዛበት... ዕድሜ ይስጥልኝ ለእሷ። ካሜራውን ይዞ ሳይደርስባት ሞታ፣ ያን የመሰለ ገበያ እንዳያመልጠው። አሜን በይ እንጂ፣ ሳህራዬ።