ሰባት ቤት ሆኖ የተሰማው መወድስ

መሪጌታ አካለ ወልድ ከቢቸና መናኸሪያ ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሲወጡ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዘው ነበር። ዋናው ዕቃቸው ግን አይታይም። በገዛ እጃቸው የጻፉትን ማመልከቻ እንዳይጨማደድ ብለው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ሸጉጠውታል። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ጽሕፈቱ ያምራል፤ ውስጡ ያለው ንዴት ግን ከጽሕፈቱም ይበልጣል።

ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው። አጠገቡ አንዲት ወጣት ሴት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ሽማግሌውን ስታይ ብድግ አለችና፣

«በዚህ በኩል ይሁኑ፣ አባቴ፤ ነፋስ ያገኛሉ» አለቻቸው።

«ተይኝ፣ ልጄ፤ እኔን ነፋስ ይመታኛል። ይልቅስ ዝጊው» አሉና ተቀመጡ።

ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ ያንገበግባል። ልጅቱ ግን ሳትከራከር መስኮቱን ዘጋችው። በዚህች ብቻ መሪጌታ ወደዷት።

መሪጌታ አካለ ወልድ ጠያቂ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ሰው ተቀምጦ ዝም ብለው መሄድ አይሆንላቸውም። አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ ትውልዷ የጥኖራ እንደሆነ፣ ደመወዝ የምትበላው ሞጣ እንደሆነ፣ ሥራዋም ማስተማር እንደሆነ አውቀው ጨረሱ።

«አስተማሪ ነሽ? እንግዲያው የምፈልጋት ሰው አንቺ ነሽ!» አሉ። «እዚያ ሞጣ አንድ የኮምፒውተር አስተማሪ አለ አሉ። ልጆቹን ሰብስቦ ‹የመጣላችሁን ጻፉና ኢንተርኔት ላይ አውጡት፤ ድምፅም ቅዱና ዓለም ይስማችሁ› የሚል ሰው። ታውቂዋለሽ?»

ልጅቱ ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ አንሥታ እግሯ ሥር አደረገችው።

«ምን አጠፋ፣ አባቴ?»

«ስሚኝማ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የልጃቸው የይርጋነሽ ልጅ ሊድያ ከሞጣ መጥታ እሳቸው ዘንድ ሰነበተች። አንድ ቀን ጠዋት ስልኳን ይዛ፣ «አባባ፣ ቅኔ ምን እንደሆነ ያስረዱኝ» አለቻቸው። የልጅ ልጅ ሲጠይቅ ማን ይከለክላል? ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው አስረዷት፤ ለምሳሌም ለጥምቀት ያቀረቡትን መወድስ አሰሟት። በቅኔ ቤት አንዱ መስመር ቤት ይባላል፤ መወድስ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ደግሞ ስምንት ቤት ነው። ይህን ቢቸና ውስጥ የቄስ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሊድያ ግን ቀድታው ኖሯል፤ ሞጣ ተመልሳ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው።

«ባለፈው ሳምንት አማኑኤል ከተማ ቅኔ የሚያስተምር ፋንታ የሚባል ደቀ መዝሙሬ ደወለ» አሉ መሪጌታ። «‹የኔታ፣ መወድስዎን በስልክ ሰማሁት፤ ምሥጢሩ ደስ ይላል› አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ብቻ ሰባት ቤት ሆነብኝ፤ ቆጠራ ስቼ ይሆን?› ፋንታ ቆጠራ የሚስት ሰው አይደለም! አክብሮኝ ነው። ሰባት ቤት መወድስ! አርባ ዓመት ያስተማርኳቸው ሁሉ ‹አካለ ወልድ አረጀ፣ መቁጠር ተሳነው› ሲሉኝ ይታይሽ። ስሜ ነው የጠፋው፣ ልጄ። ስለዚህ ያ ልጆቹን የሚሰበስብበት ክበብ ይዘጋልኝ ብዬ ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ ይዣለሁ።»

ልጅቱ ወደሳቸው ዞር አለች።

«የኔታ፣ ያ አስተማሪ እኔ ነኝ። ወይንእሸት እባላለሁ። ስላዘኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሌላ ወንበር ቢኖር መሪጌታ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። የለም። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሾፌሩን ማጅራት ሲመለከቱ ቆዩ። ነገር ግን ጠያቂነት ከንዴት የሚያይልባቸው ሰው ናቸውና ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ አልቻሉም።

«እሺ፤ ለምን?» አሉ። «ሽማግሌ ላናድድ ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያልበሰለ ልጅ ያልበሰለ ነገሩን ለዓለም እንዲያወጣ ለምን ትገፊዋለሽ? በእኛ ጊዜ ተማሪ አፉን የሚከፍተው ካወቀ በኋላ ነው።»

«በእርስዎ ጉባኤ አንድ የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቅኔውን ሲያዘጋጅ ይውልና ምን ያደርጋል፣ የኔታ?»

«ለመምህሩ ይነግራላ።»

«ብቻቸውን ሆነው?»

«ምን ሲደረግ! ጉባኤው ተሰብስቦ ነው እንጂ።»

«ቢሳሳትስ?»

«ይታረማል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እኔ አርመዋለሁ፣ በማግሥቱ አሻሽሎ ይመጣል።»

«ታዲያ አውቆ ነው የሚናገር ወይስ እየተናገረ ነው የሚያውቅ?»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አደረጉ። ተማሪን በጥያቄ እያዋከቡ ወደ መልሱ መውሰድ የእሳቸው ሙያ ነበር። በራሳቸው ላይ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ተናደዱም፣ ደስም አላቸው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም።

«ቀጥይ» አሉ።

«እኔ አማርኛም አስተምራለሁ፤ በፊት ‹ዕረፍታችሁን እንዴት አሳለፋችሁ› ብዬ አስጽፍ ነበር። ስልሳ ተማሪ ስልሳ ገጽ ያመጣል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የማነበው እኔ ብቻ፣ እኔም ራይት አድርጌ እመልሳለሁ፤ በቃ። አምና ይህን ብሎግ የሚሉትን ጀመርን፤ በአማርኛ ጦማር ይሉታል…»

«ጦማር? እሱንማ አውቀዋለሁ! በግእዝ ደብዳቤ ነው» አሉ መሪጌታ፣ በባዕድ አገር ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«አዎ፣ እሱው ነው። ለማይታወቅ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ ይበሉት። ከፋለ የሚባል ተማሪ አለኝ፤ ቤተሰቦቹ ሮብ ገበያ የሚባል አገር ድንች አምራቾች ናቸው። አባቱ ዘር ድንች እንዴት እንደሚያስቀምጡ ጻፈ። ከማናውቀው አገር አንድ ገበሬ ‹ስንት ሳምንት ይቆያል? ብርሃን ይነካዋል ወይ?› ብሎ ጻፈለት። ከፋለ አያውቅም። አባቱን ሊጠይቅ ሄደ። ተመልሶ እንደገና ጻፈው። ሰውየው ሌላ ጠየቀ። አራት ጊዜ ነው የጻፈው፣ የኔታ! እኔ ሁለተኛ ጻፍ ብለው እንኳ ያኮርፈኝ ነበር።»

«አባቱን የጠየቀው ያን ጊዜ ነው? ድንቹን ሲበላ ኖሮ?»

«ያን ጊዜ ነው።»

መሪጌታ ሳቁ። ሳቃቸው አምልጧቸው ስለነበር ወዲያው ፊታቸውን አስተካከሉ። ጥያቄው ግን ተከተለ። ድምፁስ? ስንት ጊዜ መቅዳት ይቻላል? የመጀመሪያው ወዴት ይሄዳል? ወይንእሸት አንድ በአንድ መለሰች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ልጅ ድምፅዋን አሥራ አንድ ጊዜ እየቀዳች፣ እየሰማች እንደደገመችው ነገረቻቸው። የዐረፍተ ነገሯን መጨረሻ እንደምትውጥ ያወቀችው ከራሷ ጆሮ ነው፤ ማንም ሳይነግራት። አሁን ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የምታነበው እሷ ናት።

ደብረ ወርቅ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም መሪጌታ ቋጠሯቸውን ፈቱና ዳቦውን ቆርሰው ሰጧት። ይህ ግን ዕርቅ አልነበረም። የመጨረሻውን ጥያቄያቸውን አልጠየቁም ነበር።

«ደኅና ተከራክረሻል» አሉ። «ግን አንዱን ዘለልሽው። በእኛ ቤት ተማሪ ሲሳሳት የሚሰማው ጉባኤው ነው፤ ጉባኤውም ይረሳል። የእናንተ አይረሳም። እኔ ነገ ብሞት ሰባት ቤቴ ይኖራል። ለዚህስ ምን ትያለሽ?»

ወይንእሸት ዳቦውን መብላት ተወች።

«በዚህ ረተውኛል። ልክ ነዎት። ሊድያ ሳታስፈቅድ ማውጣቷ ጥፋት ነው፤ ማስፈቀድን ያላስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ርእሰ መምህሩ ከድሮም ክበቡን አይወዱትም፤ ‹አንድ ቅሬታ ከመጣ እዘጋዋለሁ› ብለውኛል። ስለዚህ ማመልከቻዎ በቂ ነው፤ አልከለክልዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ድምፁን ራስዎ ሰምተውታል?»

«የት ሰምቼው! የእኔ ስልክ ከመደወል በቀር ምን ያውቃል።»

ይህን ብለው መሪጌታ አካለ ወልድ የዳዊታቸውን ማኅደር ዳሰሱ። በጉባኤያቸው አንድም ቀን ያልሰሙትን ቅኔ ነቅፈው አያውቁም። ተማሪ ቢኮላተፍ እንኳ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። አሁን ግን ሳይሰሙ ፈርደው፣ ፍርዱንም ጽፈው፣ ከዳዊታቸው ጋር አስቀምጠውታል። አፈሩ፤ ያፈሩትም ከልጅቱ ይልቅ ከዳዊቱ ነው።

«ሳልሰማው አልሰጥም» አሉ።

ሞጣ ሲደርሱ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። የክበቡ ክፍል ስድስት ኮምፒውተር አለው፤ ከስድስቱ አራቱ ይሠራሉ። ጠረጴዛው ላይ የሕፃን ካልሲ ያጠለቀ ማይክሮፎን ቆሟል። መሪጌታ ካልሲውን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፣ «ይህ ደግሞ ይበርደዋል?» አሉ። ትንፋሽ ሲመታው እንዳያንሿሿ ልጆቹ ራሳቸው ሞክረው ያገኙት ዘዴ ነው።

ሊድያ አያቷን ስታይ ደነገጠች። ይርጋነሽ ስለ ማመልከቻው ነግራታለችና ለምን እንደመጡ ያውቁ ነበር እሷም ጓደኞቿም።

«አሰሚኝ» አሏት።

ድምፁ ተነሣ። መሪጌታ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። የሌላ ሽማግሌ መሰላቸው፤ ደኅና ሽማግሌ። ከዚያ መወድሱ ጀመረ፣ እሳቸውም በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ጣታቸው ቆመ።

«አቁሚው! ይህ ስድስተኛው ነው። አምስተኛው የታለ?»

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አለች ሊድያ። «እዚያ ላይ ዶሮ ጮኸ። ቲቸር ጫጫታ ያለበትን ቁረጡ ብላናለች። እና ዶሮውን ቆርጬ አወጣሁት።»

«ከዶሮው ጋር ቤቱን አወጣሽዋ!»

ወይንእሸት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጫጫታውን ቁረጡ ያለችው እሷ ናት፤ የምትቆርጡትን አስቀድማችሁ እወቁት ግን አላለችም። ሊድያም ግእዝ አታውቅም፤ የጎደለው ነገር ቤት ይሁን ትንፋሽ በምን ትለየው? መሪጌታ ደግሞ ልጅቱን ሲያስረዷት «ይህ ስምንት ነው፤ ቁጠሪው» አላሏትም። ሁሉም የየድርሻውን ያውቅ ነበር፤ አንዳቸውም ለሌላው አልነገሩም። መሪጌታ ይህን ሲያስቡት መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጆቹም ፈራ ተባ እያሉ ተከተሏቸው።

«ያ የጠፋው ጠፋ ወይስ ይገኛል?»

«መጀመሪያ የቀዳሁት አለ፣ አባባ» አለች ሊድያ፤ ከፈተችውም። አምስተኛው ቤት ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ዶሮውም በላዩ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል።

«ከፈለጉ አሁን እንደገና እንቅዳዎት» አለች ወይንእሸት። «ጥርት ብሎ ይወጣል።»

«አይሆንም። ለበዓሉ የቀረበ ቅኔ ነው፤ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ለልጅቱም የነገርኳት ለማስረዳት ያህል ነው። አሁን ተሰይሜ እንደ አዲስ አልደግመውም። ዶሮው ይግባ። ከፊቱ ግን ልናገር፤ ካልሲያሙን አምጡልኝ።»

ማይክሮፎኑ ቀረበላቸው። በፊት የተሰማው መወድስ አንድ ቤት እንደጎደለው፣ አሁን መታረሙን፣ ስሕተቱም የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ተናገሩ። መጀመሪያ የተናገሩት በጣም ጮኸባቸው። ደገሙት። ሁለተኛው ደግሞ ቸኮለባቸው። ሦስተኛውን ሲሰሙት «እሺ፣ ይህ ይሻላል» አሉ፤ አሥራ አንድ ጊዜ የቀዳችው ልጅ ምን እንደታያትም ያን ጊዜ ገባቸው።

ከዚያ ማኅደራቸውን ፈትተው ማመልከቻውን ለሊድያ ሰጧት።

«ይህንንም ጦማራችሁ ላይ አውጡት። ሰውን ሳያስፈቅዱ ድምፁን አለማውጣት፣ ከማውጣት በፊት ለባለቤቱ ማሰማት፣ የማያውቁትን ጠይቆ መለየት፤ ሁሉም በሥርዓት ተጽፏል። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን፣ ‹ክበቡ ይዘጋልኝ› የሚለውን፣ ቁረጭው። መቁረጥስ ታውቂበታለሽ።»

ያ ማመልከቻ ዛሬ በክበቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ርእሰ መምህሩ ቅሬታ ሲጠብቁ የደረሳቸው መተዳደሪያ ነውና ክበቡን ትተውታል። ልጆቹ ከመቅዳታቸው በፊት ሽማግሌ ይጠይቃሉ፤ ሲጠይቁም ከቤታቸው የማያውቁት ስንት ነገር እንዳለ ያያሉ። ሊድያ ግእዝ ጀምራለች፤ ቆጠራዋ ገና ነው። መሪጌታም ሞጣ በመጡ ቁጥር ካልሲያሙ ፊት ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ተናግረው፣ ሰምተው፣ አርመው ነው የሚሄዱት። ተማሪ እየተናገረ እንደሚያውቅ ድሮም ያውቁ ነበር፤ ሽማግሌም እንዲሁ መሆኑን ግን በሰባ ዓመታቸው ተማሩት።

እርማቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ከአማኑኤል ስልክ ተደወለ።

«የኔታ» አለ ፋንታ፣ «ቆጠርኩት፤ ስምንት ነው! ደቀ መዛሙርቱን ሰብስቤ አሰማኋቸው። ብቻ አምስተኛው ቤት ላይ አንድ ነገር ይሰማል። ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ። «እንዳትቆርጠው።»