እንጥሉ ነው

(ከቀትር በኋላ፣ ትርንጎ ቤት። የሁለት ዓመት ልጇ ሙሉሰው አየር በሳበ ቁጥር ጉሮሮው ያፏጫል፤ ትናንት ከመተማ በእንግድነት የመጣው የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ቢምረው ምላጭ በአረቄ ያጥባል።)

ትርንጎ፦ አያ፣ ምላጩን ይተዉትና ሞተርዎን ያምጡ! ሆስፒታል እናድርሰው።

አያ ቢምረው፦ ለእንጥል ሆስፒታል? እኔ የቆረጥኩት እንጥል ቢሰበሰብ ጎተራ ይሞላል! አፉን ክፈችልኝ።

ትርንጎ፦ ትናንት ከነፋስ ይቀድማል ሲሉኝ አልነበር? አስፋልቱ ዳር አቁሜዋለሁ አላሉም?

አያ ቢምረው፦ ነፋስ ምን አላት፣ መብረቅ ይቀድማል! ግን ለዚህ ቤንዚን አላቃጥልም። እንጥሉ ወርዶ ነው።

ትርንጎ፦ ጠዋት ደህና ነበር። አይተኩሰው፣ ንፍጥ የለው። ለእርስዎ ትቼው ውሃ ቀድቼ እስክመለስ እንጥል ይወርዳል?

አያ ቢምረው፦ የኛ ዘር ሁሉ ነገሩ ፈጣን ነው።

ትርንጎ፦ ምን ስትሠሩ ነበር?

አያ ቢምረው፦ ጨዋታ ነዋ! እኔ ልጅ ሳጫውት ሰፈሩ ሥራ ይፈታል። ወደ ላይ ስወረውረው ጣራ ነክቶ ይመለሳል። አፉን ከፍቶ ሲስቅ፣ ከሩቅ ቆሎ ጣል! አንዷም አትስትም። የሚበር ወፍ አጎርሳለሁ እኔ!

ትርንጎ፦ የምን ቆሎ?

አያ ቢምረው፦ ሽምብራ። ወንድ አይደለም እንዴ?

ትርንጎ፦ ዋጠው?

አያ ቢምረው፦ የመጨረሻዋ ትን አለችውና ሳል በሳል ሆነ። መታ መታ ሳደርገው ተወው። እንጥሉም ያኔ ነው የ...

ትርንጎ፦ ያኔ ነው።

አያ ቢምረው፦ እ... ያኔ ነው።

ትርንጎ፦ ሽምብራዋ ስትወጣ አዩ?

አያ ቢምረው፦ የኔ ዐይን እኮ በጨለማ መርፌ...

ትርንጎ፦ በወንድምዎ ልጅ ነፍስ ይዤዎታለሁ! አዩ?

አያ ቢምረው፦ ...አላየሁም።

ትርንጎ፦ ጉሮሮው ውስጥ ናት። ሊቆርጡት ነበር፣ እሷ እዚያ ተቀምጣ!

አያ ቢምረው፦ ቆይ... ስሚ! ማፏጨቱን ተወ። አላልኩሽም? ተሻለው!

ትርንጎ፦ ደረቱ ይታገላል፣ ትንፋሽ አይገባም! ከንፈሩን ይዩት፣ ጠቆረ! ደፍቼ ጀርባውን እየመታሁ ልውጣ፤ ይሩጡ አያ፣ ሞተሩን!

አያ ቢምረው፦ ትርንጎ... ሞተር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ።